አሸንዳን በግቢ ማልማት፦ ለወሎ ደጋ የአተካከል መመሪያ

አሸንዳ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በድርቅ ሳይሆን በውኃ ነው። እርጥበት እንደሚወድ የሰማ ሰው ረግረግ ውስጥ ይተክለዋል። ተክሉ ክረምቱን ለምልሞ ይከርምና በጥቅምት ቅጠሉን ሲስቡት ከነመሠረቱ ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል፤ አንገቱ በስብሷል ማለት ነው። ሥሩ የሚፈልገው እርጥብ አፈር ነው፤ ቅጠሎቹ የሚወጡበት አንገቱ ግን አየር ማግኘት አለበት። የቦታ መረጣው፣ የመደቡ ከፍታ፣ የአተካከሉ ጥልቀት፣ የጉዝጓዙ አጣጣል ሁሉ ይህን ለማሟላት ነው።

ተክሉን በመልኩ ይለዩ

ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አበልቢላ የሚሉትም አሉ። በላስታ በነሐሴ አጋማሽ ልጃገረዶች ለአሸንድዬ በወገባቸው የሚያስሩት ረዥም ቅጠልም አሸንዳ ይባላል። ስለዚህ ችግኝ ሲፈልጉ ስሙን ብቻ ሰምተው አይቀበሉ፤ ተክሉን አይተው ይለዩት።

እዚህ የምንናገርለት አሸንዳ ሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ተክል ነው፤ ሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። የሬት ዘመድ ቢሆንም ቅጠሉ እንደ ሬት ወፍራምና እሾኻም አይደለም። ረዥም ነው፤ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ልክ እንደ ጣራ አሸንዳ ውኃ ያወርዳል። ይህን ጎድጓዳነቱን ልብ ይበሉት፤ የዝናቡን ውኃ ሰብስቦ የሚያወርደው ወደ ተክሉ አንገት ነው። አበባው በጠንካራ አገዳ ጫፍ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ ትንሽ ቱቦ ይመስላል፤ ቀለሙ ከደማቅ ቢጫ እስከ ብርቱካናማ፣ አልፎ አልፎም ቀይ ነው። ከመሬት በታች ያለው አጭርና ወፍራም ግንደ ሥር ሲቆረጥ ውስጡ ቢጫማ ነው። ከዚሁ ሥር ኤርምያስ ዳኜና ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሽቴግሊክ እ.ኤ.አ. በ1984 ክኒፎሎን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አሳውቀዋል። ሥሩ በባህል ለሆድ ቁርጠት እንደሚወሰድ ይታወቃል፤ እኛ ግን የምንጽፈው ለአበባው ብለን ነው፤ መጠኑን ሳያውቁ ሥሩን መጠጣት አንመክርም።

አበባው ቅሰሙ (ጣፋጭ ፈሳሹ) ብዙ ነው። ንቦች ይጎበኙታል፤ ረዥምና ጎባጣ ምንቃር ያላቸው ቅሰም የሚጠጡ ትንንሽ ወፎች ደግሞ አገዳው ላይ ተንጠልጥለው ቱቦውን አንድ በአንድ ይመጡታል። በባሌ ተራሮች የእረኞች ልጆች ይልሱታል። እዚያው ባሌ ቀይ ቀበሮዎች አበባውን ሲልሱ ታይተዋል፤ አንዳንዶቹ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ ጎብኝተዋል፤ አፍንጫቸውም በጽጌ ብናኝ ተሸፍኖ ነበር። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። እኛም ጋ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ተራሮች ቀይ ቀበሮውም አሸንዳውም አለ።

የት ይሆናል፣ የት አይሆንም

አሸንዳ በተፈጥሮ የሚገኘው ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 4,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ደሴ፣ ኩታበር፣ ቦሩ ሜዳ፣ ደላንታ፣ መቄት፣ ጉጉፍቱ ሁሉ ይስማሙታል። ሐይቅ አካባቢ የታችኛው ወሰኑ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጥላ ካገኘና በበጋ ካልተጠማ ይሆናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ድካሙ ብዙ፣ አበባው ጥቂት ይሆናል፤ እዚያ ላለ ሰው ዳማ ከሴ የተሻለ የንብ ተክል ነው።

ፀሐይ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ማግኘት አለበት። ባሕር ዛፍ ሥር አይተከል፤ ጥላው ብቻ ሳይሆን የባሕር ዛፉ ሥር እርጥበቱን ቀድሞ ይጠጣዋል።

ቦታውን ለመምረጥ ቀጠማ ጥሩ ምልክት ነው። ከምንጭ በታች ወይም ከጎርፍ መውረጃ አጠገብ ሆነው ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ቀጠማው ባለበት ሳይሆን ቀጠማው አልቆ ሣሩ በሚጀምርበት ይትከሉ። ከቀጠማው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ማለት ይበቃል። እዚያ ሥሩ እርጥበቱን ይደርስበታል፤ አንገቱ ግን አይጠልቅም።

ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በውኃ ይፈትኑት። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉት። ሲሰርግ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ መሬቱ እንዳለ ይተከልበታል። እስከ ማግስቱ ካደረ መደቡን ከፍ ማድረግ ግዴታ ነው። ዋልካ አፈር ላይ ግን ፈተናውም አያስፈልግም፤ በክረምት ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል፤ በቀጥታ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ አሸንዳን የግጦሽ መሬት ላይ አይትከሉ። ከብት አይበላውም። ከመጠን በላይ በተጋጠ ተራራ ላይ አሸንዳ በብዛት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሣሩ እየተበላ ሲያልቅ እሱ ቦታውን ይይዛል። ለንብ ብሎ የላም ሣር ማጥፋት ተገቢ አይደለም። ቦታው የግቢ ጠርዝ፣ የምንጭ ዙሪያ፣ የቀፎ መደርደሪያ ፊት፣ የእርከን ዳር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

2 ሜትር በ3 ሜትር ለሆነ መደብ 15 ግንጣይ (ከትልቅ ተክል ከነሥሩ ተገንጥሎ የሚተከል ቁራጭ) ይበቃል። ከዚያ በቀር ዶማ፣ አካፋ፣ ስለታም ቢላዋ፣ አንድ ጆንያ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ ሁለት ጆንያ የወንዝ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር (ለዋልካ አፈር)፣ አንድ ሸክም ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ያዘጋጁ። ዩሪያ አያስፈልግም። ዩሪያ የበዛበት አሸንዳ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፤ አገዳው ግን ይለሰልስና በመጀመሪያው በረዶ ይተኛል፤ አበባውም ያንሳል።

ግንጣዩን ከየት? ከጎረቤት ግቢ ወይም ባለቤቱ ከፈቀደበት መሬት። ከፓርክና ከጥብቅ ሥፍራ መንቀል ክልክል ነው፤ ሊሆንም አይገባም። ባለቤቱ በፈቀደበትም ቢሆን ከአንድ ትልቅ የአሸንዳ ጉብታ አንድ ጎን ብቻ ይውሰዱ፤ ጉድጓዱን መልሰው ይድፈኑ። 15ቱንም ከአንድ እናት አያምጡ። ከአንድ እናት የተገነጠሉ ሁሉ በዘራቸው አንድ ተክል ናቸው፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል፤ ለዘር ስብሰባም ከተለያየ እናት የመጡ ጎረቤቶች ቢኖሩ ይሻላል። ከሦስት ወይም ከአራት የተራራቁ ጉብታዎች ማምጣት ይበቃል።

መቼ

ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ። ዝናቡ ገና ሲጀምር አይቸኩሉ፤ አፈሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ወደ ታች ከራሰ በኋላ ይሁን። ያኔ የተተከለ ግንጣይ ዝናቡ እስኪወጣ ከሁለት ወር በላይ ሥር የሚሰድበት ጊዜ ያገኛል።

በልግ በሚዘንብባቸው የደላንታና የመቄት አካባቢዎች በመጋቢት መትከል ያጓጓል። አይመከርም። በልጉ ሚያዝያ ላይ ሲያበቃ ተክሉ ሥር ሳይዝ የግንቦትና የሰኔ ፀሐይ ያገኘዋል። በየሳምንቱ ውኃ የሚያጠጣ ሰው ካለ ብቻ ይሞከር።

አተካከሉ

1. መደቡን ይሥሩ። አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ቆፍረው ያለስልሱ። የሰርዶን ሥር አንድም ሳያስቀሩ ይልቀሙ፤ አሸንዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ሰርዶን ማውጣት የሚቻለው ተክሉን ነቅሎ ብቻ ነው። ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ወይም ጠጠሩን ቀላቅለው መደቡን ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ። በላይኛው በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ያውጡ።

2. እናቱን ያውጡ። ከጉብታው ጠርዝ አንድ ስንዝር ራቅ ብለው በዶማ ዙሪያውን ይቆፍሩ፤ ቅጠሉን ይዘው አይሳቡ። ሥሮቹ ወፍራም ናቸው፤ ሲበጠሱ መልሶ ለማቆጥቆጥ ጊዜ ይፈጅባቸዋል።

3. ይገንጥሉ። አፈሩን አራግፈው ግንደ ሥሩ በተፈጥሮ የሚለያይበትን ቦታ ይፈልጉ። በእጅ ካልተላቀቀ በቢላዋ ይቁረጡት። እያንዳንዱ ግንጣይ ቢያንስ አንድ ጤናማ ቀንበጥና አራት ወይም አምስት ሥር ይኑረው። ከዚያ ያነሰ ግንጣይ ቢጸድቅም ለማበብ ተጨማሪ ዓመት ይፈልጋል። የተቆረጠውን ፊት አመድ ይቀቡትና ጥላ ውስጥ ለግማሽ ቀን ያስቀምጡት፤ ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

4. ቅጠሉን ያሳጥሩ። ከመሠረቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አስቀርተው ቀሪውን ይቁረጡ። ሥሩ ገና ውኃ መሳብ ሳይጀምር ረዥም ቅጠል ከተተወለት ተክሉን ያደርቀዋል።

5. ጉድጓዱን ይቆፍሩ። ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር፤ በተክልና በተክል መካከል 60 ሳንቲ ሜትር። በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ሲሆን 15 ይሞላል። ሁለተኛውን ረድፍ ከመጀመሪያው ጋር ፊት ለፊት ሳይሆን በክፍተቱ አንጻር ያድርጉ። አሁን ባዶ ይመስላል፤ በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ይገናኛል።

6. እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጣሳ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ይቀላቅሉ። ያልበሰበሰ እበት ሥሩን ያቃጥላል፤ ትልም ይጠራል።

7. ከጉድጓዱ ሥር አፈሩን እንደ ጉብታ አድርገው ሥሮቹን በጉብታው ዙሪያ ወደ ታች ይዘርጉ። አንገቱ ከመደቡ ገጽ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አፈሩ ሲሰክን ከገጹ ጋር እኩል ይሆናል። በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እንዳይወድቅ ብሎ እስከ ቀንበጡ ይቀብረዋል። ጎድጓዳው ቅጠል ዝናቡን ወደ መሐል ያወርደዋል፤ አንገቱ ከአፈር በታች ከሆነ ውኃው መውጫ ያጣል። እንዳይወድቅ ከፈለጉ ከጎኑ ድንጋይ ያስደግፉት።

8. አፈሩን በእጅ ይጠቅጥቁ፤ በእግር አይርገጡ። ዝናብ ቢኖርም በዕለቱ ለእያንዳንዱ አምስት ሊትር ውኃ ያጠጡ። ውኃው ተክሉን ከማጠጣት በተጨማሪ አፈሩን ከሥሩ ጋር ያገናኘዋል።

የመጀመሪያው ዓመት

አንዳንዱ ግንጣይ በተተከለበት ክረምት አገዳ ያወጣል። ከታች ይቁረጡት። እንደሚያሳዝን እናውቃለን፤ ግን ያቺ አንድ አበባ የምትበላው ጉልበት ሥሩ በጋውን የሚያልፍበት ስንቅ ነው።

በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ከከባድ ዝናብ በኋላ መደቡን ይጎብኙ። ጎርፍ አንገቱ ላይ አፈር ቆልሎበት ከሆነ በእጅ ይጥረጉት። ቦዩ ከተደፈነ ይክፈቱት። ቀንድ አውጣ ቅጠሎቹ መሐል ይደበቃል፤ ማለዳ በእጅ ለቅመው ይጣሉት።

ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ሲወጣ ጉዝጓዝ ያድርጉ። ጭዱን ወይም ደረቁን ሣር አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይጎዝጉዙ፤ ከአንገቱ ግን አንድ መዳፍ ይራቅ። ከዚያ ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ ያጠጡ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአራት ተክል ይደርሳል። ውኃውን በቅጠሉ ላይ ሳይሆን ጉዝጓዙ ሥር ያፍስሱ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ምንጭ ዳር ያለው ደግሞ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል።

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለአሮጌ ተክል ምንም አይደለም፤ ከጉጉፍቱ በላይ ባለ ብርድ የኖረ ዘር ነው። አዲስ ግንጣይ ግን ይጎዳል። ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስበው በልጥ ወይም በሰንበሌጥ ላላ አድርገው ያስሯቸው። ይህ ቀንበጡን ከውርጭ ይሸፍነዋል፤ ጠዋት የሚቀልጠው ውርጭም ወደ መሐል አይወርድም። በየካቲት ይፍቱት። የደረቀ ቅጠል ቢኖርም እስከዚያ አይቁረጡ፤ ልብሱ ነው።

ምን ሊያበላሸው ይችላል

ቅጠሉ ከመሐል ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ሲስቡት ከወጣ አንገቱ በስብሷል። ሽታውም ይነግርዎታል። ነቅለው የበሰበሰውን እስከ ጤናማው ድረስ ይቁረጡ፤ አመድ ቀብተው ለሁለት ቀን ያድርቁትና ከፍ ባለ ሌላ ቦታ ይትከሉት። እዚያው ጉድጓድ አይመልሱት።

ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ከደረቀ ጥም ነው፤ ብዙ ጊዜ በግንቦት ይታያል። ብርማ ነጠብጣብ ካለበትና ሲገልጡት ጥቃቅን ቀጫጭን ነፍሳት ከሮጡ ትሪፕስ ነው፤ እሱም በድርቅ ወቅት የሚበረታ ነው። ውኃ ያጠጡ፤ ክፉኛ የተጎዳውን ቅጠል ቆርጠው ያቃጥሉ። ፀረ ተባይ አይርጩ። ለንብ ብለው የተከሉትን አበባ መርዝ መርጨት ንቧን ጠርቶ መግደል ነው። ጎረቤት ማሳ ላይ ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ነፋስ በሌለበትና ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ እንዲሆን አስቀድመው ይነጋገሩ።

ተክሉ ያለምክንያት ዘንበል ካለ አጠገቡ ትኩስ የአፈር ክምር ይፈልጉ። ፍልፈል ከሥር ሲቆፍር ሥሩን ከአፈሩ ያላቅቀዋል፤ ሥሩ ባዶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዋሻውን በድንጋይ ጠጠር ደፍነው ተክሉን መልሰው ይጠቅጥቁ።

ሦስት ዓመት ሞልቶት ካላበበ መጀመሪያ ጥላውን፣ ቀጥሎ ፍጉን ይመርምሩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጥልቅ ተተክሏል።

ከዘር ማፍላት

ግንጣይ ያላገኘ ሰው ከዘር ማፍላት ይችላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። አበባው እንደ ከፍታው ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ያብባል፤ ፍሬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ባለ ሦስት ክፍሉ ፍሬ ቡናማ ሆኖ ጫፉ መሰንጠቅ ሲጀምር አገዳውን ቆርጠው የወረቀት ከረጢት ውስጥ ወደ ታች ዘቅዝቀው ይስቀሉት። አረንጓዴውን አይልቀሙ፤ ዘሩ ውስጡ አልሞላም። የደረሰው ዘር ጠቆር ያለና ማዕዘን ያለው ነው።

ከተሰበሰበ በኋላ ሳይቆይ ይዝሩት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለው ነፍተው የችግኝ ፕላስቲክ ይሙሉ። በእያንዳንዱ ሦስት ዘር አድርገው ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ አፈር ያልብሱ። ከላይ ጭድ አልብሰው በወንፊት ክዳን ባለው ማጠጫ ያርጥቡ። ሙቀት ባለበት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ በብርዳማ ደጋ ከዚያም ይዘገያል፤ ስለዚህ ፕላስቲኩን ቶሎ አይድፉ። ማታ ማታ ከውርጭ ያስጠልሉት።

ብቅ ሲል ሣር ይመስላል። በዚህ ጊዜ አረም መስሏቸው ነቅለው የሚጥሉት ብዙ ናቸው። መሐሉ ጎድጎድ ያለችውን ቀጭን ቅጠል ለይተው ይወቋት፤ ችግኝ የሚንከባከቡ ልጆች ካሉም ያሳዩአቸው። አራት ቅጠል ስታወጣ ጠንካራዋን አንድ አስቀርተው ሌሎቹን ያሳሱ። በሚቀጥለው ሐምሌ አንድ ስንዝር ከደረሰች ትተከላለች፤ ካልደረሰች አንድ ክረምት በፕላስቲኩ ትቆይ። አበባ የምትሰጠው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምቷ ነው።

ጎረቤቶቹና ቀጣዩ ግንጠላ

መደቡ ላይ አሸንዳ ብቻውን አይቁም። ዝቅ ባለው እርጥብ ክፍተት ማገጥ ይዝሩ፤ አፈሩን ይሸፍናል፣ ንብም ትወደዋለች። ከፍ ባለው ደረቅ ጠርዝ ጦስኝ ይትከሉ፤ ጦስኝ ከአሸንዳው እኩል እርጥበት ከተሰጠው ይሞታል። አደይ አበባ በየዓመቱ ራሷ ትመጣለች፤ እስክታብብና ዘሯን እስክትጥል አለመንቀል ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።

ያበበውን አገዳ ዘር ካልፈለጉበት አበባው እንደረገፈ ከመሠረቱ ይቁረጡት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት የጉብታው መሐል ቅጠል ብቻ ሆኖ አበባው ወደ ጠርዝ ሲሸሽ ያያሉ። ያን ጊዜ በሐምሌ መጀመሪያ ሙሉውን አውጥተው ይገንጥሉት፤ የጠርዙን ቀንበጥ መልሰው ይትከሉ፤ ያረጀውን የመሐሉን ግንደ ሥር ወደ ኮምፖስት ይጣሉት። አንድ ጉብታ ብዙ ግንጣይ ስለሚሰጥ ለሚጠይቅዎ ጎረቤት የሚሆንም ይተርፋል።